መደብ ያልደረሰው ቤት

የጋሽ አስናቀ በሬ የሞተው በ2094 ዓ.ም.፣ በግንቦት ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ነው። መዝገቡ ላይ ግን ዛሬም በሕይወት አለ። ልቡ በደቂቃ ሰማንያ አምስት ጊዜ ትመታለች። እንዲህ የምትመታ ልብ የፍየል እንጂ የበሬ አይደለችም። ይህን የማውቀው የሸንበቆ ሜዳ ቀበሌ ምንጭ ፈላጊ ስለሆንኩ ነው። ሰው ሲታመም በሽታው ከየትኛው እንስሳ፣ ከየትኛው ውሃ፣ ከየትኛው አፈር እንደመጣ ፈልጌ ቤቱን በስሙ እጠራለሁ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው።

በየቤቱ ያለ ከብት ሁሉ ጆሮው ላይ ቀለበት አለው። የከብቱ ልብ ስትቆም ቀለበቱ ለመዝገብ ቤቱ ይናገራል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የማቃጠያው መኪና በር ላይ ይደርሳል። ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ያያል። አመዱም ለእሱ አይሰጠውም። ሕጉ ክፉ ሕግ ነው አልልም፤ ከመውጣቱ በፊት በየዓመቱ ስንት ሰው ይቀበር እንደነበር አንብቤያለሁ። የሸንበቆ ሜዳ ሰው ግን መላ አለው። በሬ ሲወድቅ፣ ልቡ ሳትቆም ቀለበቱን ከጆሮው አውልቀው በጓሮ የታሰረች ፍየል ጆሮ ላይ ያደርጉታል። ከዚያ በሬው ይታረድና ቅርጫ ይሆናል። ሥጋው በመደብ በመደብ ይደለደላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ጎረቤት ሁሉ አንዳንድ መደብ ይወስዳል፤ ባለቤቱ ብቻውን እንዳይጎዳ ማለት ነው። የወደቀበትን ማንሣት ይሉታል።

ይህ ልማድ አንድ ያልተጻፈ ደንብ አለው። መደብ የሚወስድ ሰው በሬው ለምን እንደታረደ አይጠይቅም። መጠየቅ ነውር ነው፤ ባለቤቱን በሬው በሽተኛ ነበር ብሎ እንደመስደብ ይቆጠራል። ገደል ገባ ካሉት ገባ ነው። ሸንበቆ ሜዳ ግን ስሙ እንደሚለው ሜዳ ነው። እስከ አድማስ ድረስ አንድ በሬ የሚገባበት ገደል የለም። በዚህ ሜዳ ላይ በእኔ ዕድሜ ብቻ አሥራ ሰባት በሬዎች ገደል ገብተዋል።

በዚያ ቅዳሜ ጋሽ አስናቀ ቤት አሥራ አራት መደብ ተደለደለ። ጋሽ አስናቀ የዕድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በሰፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። በሬው ገደል ገባ ተባለ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። እኔም መጠጥኩ። ሥጋው የተዘረጋበት ኮባ ቅጠል ላይ ደሙ ጠቁሮ ነበር፤ ሰዓታት ቢያልፉም እንደ ውሃ ይወርዳል እንጂ አልረጋም። የማይረጋ ደም ምን ማለት እንደሆነ በትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዓመት፣ የመጀመሪያው ትምህርት ላይ ተምሬያለሁ። ፈተና ላይም መጥቶ መልሼዋለሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ዐይኔን ከቅጠሉ ላይ አንሥቼ ከጎረቤቴ ከእትዬ በለጡ ጋር ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርኩ። መደቤን ተቀበልኩ። ቤቴ ወስጄ ቀቅዬ በላሁ።

እትዬ በለጡ አልቀቀሉም። ጨጓራውና ጉበቱ የደረሳቸው እሳቸው ነበሩ፤ ዱለት አደረጉት። በአጥሩ ላይ ሳህን አቀበሉኝ፤ «ቅመሺ፣ ትርንጎዬ። አንቺ የምትቀቅይው ሥጋ ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው» አሉኝ። ጠግቤአለሁ ብዬ መለስኩ። እሳቸውም «ከወንድ እንጂ ከዱለት የሚጠገበው መቼ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ያንን ሳህን ለምን እንደመለስኩ እሳቸው አላወቁም። እኔ አውቃለሁ።

ማክሰኞ የጠብታ ቀን ነው። ሰው ሁሉ በቀበሌው በር ላይ ተሰልፎ ጣቱን ሣጥኑ ውስጥ ያስገባል፣ አንዲት የደም ጠብታ ይሰጣል፣ ጣቱን እየጠባ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዚያ ማክሰኞ በሦስት ሰው ላይ ሣጥኑ ቀይ አበራ። ከቀትር በኋላ ሁለት ተጨመሩ። በሽታው አባ ሰንጋ ነበር፤ አምስቱም ሆዳቸውን ነበር የሚያማቸው። ቢሮው በሰባት ቀን ውስጥ ምንጩን ስጪ አለኝ።

የመርማሪ ሣጥኔ ውስጥ ለአንድ ሰው የስልሳ ቀን ክኒን አለ። ሕጉ ለምንጭ ፈላጊ ይፈቅዳል፤ በበሽታ መሐል ነዋ የሚኖረው። ለሌላው ሰው መድኃኒት የሚታዘዘው ጠብታው ቀይ ሲያበራ ወይም ቃለ መጠይቁ ከምንጩ ጋር ሲያገናኘው ብቻ ነው። እኔ ማክሰኞ ማታ ከራት በፊት መዋጥ ጀመርኩ። ረቡዕ ጠዋት ደግሜ ዋጥኩና ቅጹን ይዤ ወደ ጎረቤቶቼ ወጣሁ።

ቅጹ ሠላሳ ጥያቄ አለው። አሥራ አራተኛው «ባለፉት አሥር ቀናት ቀለበት ከሌለው ወይም ቀለበቱ ከወለቀ እንስሳ ሥጋ በልተዋል?» ይላል። ይህን ጥያቄ መደብ ሲወስዱ ላየኋቸው ሰዎች፣ አንድ በአንድ፣ በየደጃቸው ቆሜ አነበብኩላቸው። እነሱም እኔ መደብ ስወስድ አይተውኛል። አልበላሁም አሉ። አልበሉም ብዬ ጻፍኩ። አንዳንዱ መሬት መሬት እያየ መለሰ፤ አብዛኛው ግን ዐይን ዐይኔን እያየ። አፈርኩ ያለ ሰው አላየሁም። ያፈርኩት እኔ ነበርኩ፤ ያፈርኩትም ስለ ውሸቱ አልነበረም። በጠዋት የዋጥኩት ክኒን ጉሮሮዬ ላይ የቀረ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ በለጡ ደጅ ስደርስ ጥያቄውን አስጨርሰው ጠቀሱኝ። «ሥጋ? በዚህ ጥርስ? ለሽሮም እየለመንኩት ነው» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። አልበሉም ብዬ ጻፍኩ። ሣጥኑ ትከሻዬ ላይ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ዐሥር ክኒን መዳፋቸው ላይ ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ብሰጣቸው ግን ለምን ብለው ይጠይቁኛል፤ ከመለስኩላቸው ደግሞ የበሬውን ነገር አፍ አውጥቼ ተናገርኩ ማለት ነው። የምንጠይቀውም የምንናገረውም ነገር አልነበረም። ደንባችን እስከዚህ ድረስ ይሠራል።

ከዚያ አፈርና ውሃ መሰብሰብ ጀመርኩ። ከየጓሮው፣ ከየጉድጓዱ፣ ከየበረቱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናሙና ወሰድኩ። ጋሽ አስናቀ ግቢ ስደርስ ራሳቸው በር ከፈቱልኝ፤ ወንበር አወጡልኝ፤ ስለ ሟች አባቴ አጫወቱኝ። በሬው የታረደበት ቦታ ከጓዳው በስተጀርባ ነው። ኖራ ፈሶበታል፤ አጠገቡ የበሬውን ቀለበት ያደረገች ፍየል ታስራለች። እኔ የናሙናውን ቱቦ የሰካሁት በሩ አጠገብ፣ ጽጌረዳው ሥር ነው። ጋሽ አስናቀ ቆመው አዩኝ። ስወጣ ግንባሬን ሳሙኝ።

እትዬ በለጡ ዓርብ ዕለት ሆዳቸውን ያዛቸው። እስከ ቅዳሜ ከሰዓት ደበቁት። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ ምን በሉ ብሎ ሲጠይቃቸው ወደ እኔ ዞረው አዩ፤ እሱ ለአፍታ ሲወጣ እጄን ያዙና «አደራ፣ የአስናቀን ቤት እንዳታስነኪ» አሉኝ። ክኒን ይሰጠኝ አላሉም። እንዳለኝ አላወቁም። እሁድ ጠዋት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ድንኳኑን ያስተከሉት፣ ወንበሩን ያስደረደሩት፣ ስለ ደግነታቸው የተናገሩት ጋሽ አስናቀ ናቸው። ደግ ነበሩ አሉ። እውነት ነው፤ ደግ ነበሩ።

ሰኞ የናሙናው ውጤት መጣ። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ውስጥ ከታመሙት ሰዎች ደም ጋር የጀርሙ ዘር የተመሳሰለው አንድ ብቻ ነው፤ ከሽብሩ የቆዳ ማልፊያ ገንዳ የተወሰደው።

ሽብሩ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሸንበቆ ሜዳ ጥግ፣ ወንዙ ዳር፣ ከሚስቱ ከአበቡና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ይኖራል። ቆዳ ይፍቃል፣ ያለፋል፣ ጫማና ቀበቶ ይሠራል። እንደሱ ያሉትን ሰዎች አያቶቻችን የጠሩበትን ስም ሕግ ከከለከለው ሃምሳ ዓመት አልፏል። ሕጉ ስሙን ነው የከለከለው። እኛ «የቆዳው ሰውዬ» እንለዋለን፤ በዕድሜ አባቴን የሚሆነውን ሰው አንተ እለዋለሁ፤ እሱ እኔን እርስዎ ይለኛል። ዕድር ውስጥ የለም። ከእሱ ጋር በአንድ ሳህን የበላ ሰው አላውቅም። ይህን ሁሉ ስጽፍ ስለ ድሮ ዘመን የምጽፍ ይመስላል። የምጽፈው የሰው ልጅ በየሳምንቱ ደሙን ለማሽን ስለሚሰጥበት፣ የእያንዳንዱ ላም ልብ ትርታ በሰማይ በኩል ወደ ከተማ ስለሚላክበት ዘመን ነው። ማን ከማን ጋር እንደማይበላ ግን አንድም ማሽን አልለካም።

ማሽኑ ምንጩ የሽብሩ ቤት ነው፣ እርግጠኛነት ዘጠና ሰባት በመቶ አለ። ሆኖም በሀገራችን ማሽን ብቻውን ቤት አይጠራም። አንድ ሰው አውራ ጣቱን ማሳረፍ አለበት። ሕጉን ያወጡት ሰዎች መሐል ላይ ኅሊና ይኑር ብለው ነው አሉ። ያንን ሕግ የጻፈውን ሰው ባገኘው፣ ኅሊና አውራ ጣት ላይ መሆኑን ማን ነገረህ ብዬ እጠይቀው ነበር።

ከማሳረፌ በፊት ወደ ሽብሩ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ከመፍረድ በፊት የጠየቅሁ እንዲመስለኝ ይሆናል። ገንዳው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ተነሣ። ቆዳውን ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት።

«እርስዎም ያውቁታል» አለ።

«ልጽፈው ነው። ንገረኝ።»

«ከጋሽ አስናቀ ጓሮ። በአጥር ላይ ወረወሩልኝ፣ ሁልጊዜ እንደሚወረውሩት። ፍየሏን ሄደው ይዩ፤ ጆሮዋ ላይ የበሬ ቀለበት አለ።»

እስክሪብቶዬ አልተንቀሳቀሰም፤ አየው። ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። አንጓው ላይ የብር ሳንቲም የሚያህል ቁስል ነበር፤ መሐሉ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ዙሪያው ያበጠ። እንደማያመው ነገረኝ። እንደማያመው አውቃለሁ፤ አባ ሰንጋ በቆዳ ሲገባ እንዲህ ነው።

«እነሱን ያመማቸው ሆዳቸውን ነው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔን እጄን። እኔ ዘንድ በእጅ ገባ፣ እነሱ ዘንድ በአፍ። ይህን ለማወቅ ያ ሁሉ ሣጥን ያስፈልጋል? እዚህ ሰፈር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ መደብ ደርሶኝ ያውቃል? አንድ ቀን። ብቻ እሱን ይጻፉልኝ። ሽብሩ መደብ አይደርሰውም ብለው ይጻፉ። ሌላውን የሚያነበው ሰው ራሱ ይደርስበታል።»

ልክ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት በተማርኩበት ሙያ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አልሰማሁም። ከአሥራ አራቱ ቤቶች ስድስቱ ታመሙ፤ መደብ ያልደረሰው ቤት ውስጥ ሆዱን ያመመው ሰው የለም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ስጽፈው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ መደብ የደረሰው ማን ነው የሚል ነው፤ መልሱ አሥራ አራት ስሞች፣ አንደኛው የእኔ። ምንጭ ተብሎ ለተጠራ ቤት ሁሉ እንደሚደረገው፣ የአሥራ አራት ቤት ጓሮ በነጭ ሲሚንቶ ይለሰናል። ጋሽ አስናቀ በሰባ ዓመታቸው ይከሰሳሉ። እኔ ሥራዬን አጣለሁ፤ ከዚያም አንድ ሰው ክኒኑን መቼ መውሰድ ጀመርሽ ብሎ ይጠይቀኛል።

አበቡ ከቤት ወጥታ በሩን ተደግፋ ታዳምጥ ነበር። «ተዋት፣ ሽብሩ» አለች። «ታስረዳታለህ እንዴ? ያላወቀች መሰለህ?»

ሽብሩ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ሚስቱ እስክትናገር ድረስ በእርግጥ የማላውቅ መስዬው ነበር። ያንን ፊት ልገልጸው አልችልም፤ ልገልጸውም አይገባኝም። እጅጌውን መለሰና ቁጭ አለ።

በመንገድ ላይ ራሴን እንዲህ ስል አገኘሁት፦ ካልተጠራ ጠብታው እስከ ነገ አይበራም፤ ከተጠራ ግን መድኃኒቱ ዛሬውኑ ይታዘዝለታል፤ ስለዚህ ብጠራው ለእሱም ይሻለዋል። ሰው ራሱን ለማሳመን ምን ያህል ብልህ እንደሚሆን በዚያ መንገድ ላይ ነው ያወቅሁት። ቢሮ ገብቼ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ማሽኑ አመሰገነኝ። የሽብሩ ክኒን በሰዓቱ ደረሰ፤ ቁስሉም ዳነ። ይህን ሁልጊዜ እጨምራለሁ፤ አሁንም ጨመርኩት።

ልሰናው ሐሙስ ጠዋት ተፈጸመ። ነጩ ሲሚንቶ በገንዳዎቹ፣ በጓሮው፣ በጎመኑ መደብ ላይ ፈሰሰ። ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ዞረ። በመዝገብ ቤቱ ካርታ ላይ የሽብሩ ቤት ነጥብ ለዘለዓለም ቀይ ናት፤ ሴት ልጆቹ የትም ሄደው ስማቸውን ሲናገሩ ከስማቸው አጠገብ ትበራለች። ቤተሰቡ የምንጭ ሰዎች ወደሚሰፍሩበት፣ ከቀለበት መንገዱ ውጭ ወዳለው ሰፈር ተወሰደ። የሸንበቆ ሜዳ ሰው ወጥቶ ቆሞ አየ። ጋሽ አስናቀ ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር። አንድ ሰው ከኋላዬ፣ ድሮም ያ ቆዳ ጤና የለውም ሲል ሰማሁ፤ ሌሎች ተስማሙ። ይህን ያሉት ሥጋውን የበሉት ሰዎች ናቸው። ዞሬ ጉንጩን በጥፊ ልለው እጄ ተነሣ፤ ነጠላዬን አስተካከልኩበት።

ሽብሩ መኪናው ላይ ሲወጣ አላየኝም። አበቡ ግን አየችኝ። አልተሳደበችም። ከልጆቿ ታላቂቱን በክርኗ ነካ አድርጋ ወደ እኔ አመለከተች፤ ልጅቷም ደህና አድርጋ፣ እንዳትረሳኝ አድርጋ አየችኝ።

መዝገብ ቤቱ ስለ ፍጥነቴ የምስክር ወረቀት ላከልኝ። ግድግዳዬ ላይ አልሰቀልኩትም። አልቀደድኩትምም።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ማያዬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው የጋሽ አስናቀን በሬ ነው። ልቡ በጣም ትፈጥናለች የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ እዘጋዋለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ፍየሏ ወለደች። መዝገቡ በሬው ትኩሳት አለበት አለ። ዘጋሁት።

ጥቅምት ውስጥ፣ በአንድ እሁድ ጠዋት፣ የቤቴ በር ተንኳኳ። የጋሽ አስናቀ ባለቤት እማማ ዘርፌ ነበሩ። በሁለት እጃቸው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። የጎረቤታችን የአቶ ክንፈሚካኤል ላም ገደል ገባች፤ ያንቺን መደብ ራሴ ላምጣልሽ ብዬ ነው አሉ። የደረሰኝ ታናሽና ሻኛ ያለበት መደብ ነው፤ ዕጣው ጥሩ ወጥቶልኛል፤ ወይም አውጥተውልኛል። ከቅጠሉ ጫፍ ጥቁር ደም በክርናቸው ላይ ይወርዳል። እየወረደ አልረጋም።

ጥያቄው አፌ ውስጥ ነበር። ላሟ ምን ሆና ነው? አራት ቃል ነው። አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ ለራሴ ስጠይቀው ከርሜያለሁ፤ በጽሑፍ፣ በቁጣ፣ በፍርድ ቤት የቆምኩ እየመሰለኝ። እማማ ዘርፌ ዝም ማለቴን አይተው ፈገግታቸው ትንሽ ቀነሰ። «ምነው ልጄ» አሉ፣ «ቅር ያለሽ ነገር አለ?»

«ኧረ የለም፣ እማማ» አልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እስከ በር ሸኘኋቸው። ገባሁ፣ ሥጋውን ድስት ውስጥ አደረግሁ፣ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ሣጥኔን ከፍቼ፣ እንደ መመሪያው፣ ከምግብ በፊት ክኒኑን ዋጥኩ።